አርባ ሦስት እርምጃ

ጥቅምት 9፣ እሑድ፣ ከቀኑ 11 ሰዓት

እግሬ የጨው ውኃ ውስጥ፣ አንቺ ጉልበቴ ላይ። የግራ አውራ ጣቴ ውኃ ቋጥሯል። ጫማው ጠበበኝ ብዬ ስንት ጊዜ እንደጻፍኩብሽ አላውቅም፤ ደብተር ባትሆኚ ኖሮ ሰልችቶሽ ሌላ ጫማ ትገዢልኝ ነበር።

ዛሬ ከኮምቦልቻ በላይ ያለው ኮረብታ። መውጫው ብቻ ሁለት ሰዓት ከሩብ። ከላይ ሲያዩት ፋብሪካው፣ አውሮፕላን ማረፊያው፣ የቆርቆሮ ጣራው ሁሉ መዳፍ ውስጥ ይገባል። የድሮው የካርታ ነጥብ ሲሚንቶው አለ። ነሐሱ የለም! መሐሉ ላይ ክብ ጉድጓድ ብቻ። አንድ ገበሬ ጠጋ ብሎ ጣሊያን የቀበረውን ወርቅ ቀድመው ወሰዱት አለኝ፤ ዘግይታ የደረሰች ወርቅ ፈላጊ መስዬው ከልቡ አዘነልኝ። የጣሊያን አይደለም፣ በጃንሆይ ጊዜ ካርታ ሠሪዎች የተከሉት ነው ስለው፣ ታዲያ ካርታ የሚሠራው በወረቀት አይደለም እንዴ አለ። ጥሩ ጥያቄ። ክፍል ውስጥ እንዲህ የሚጠይቀኝ አንድ ተማሪ በኖረኝ።

ምናልባት አንድ ቀን ራሴም ስለምረሳው ላስረዳሽ። ካርታ ሲሠራ ከኮረብታ ወደ ኮረብታ በመነጽር እያዩ ይለካሉ። የቆሙበት ላይ ሲሚንቶ አፍስሰው የነሐስ ምልክት ይተክላሉ። አባባ በወጣትነታቸው ለእነዚያ ሰዎች ሲሚንቶ ተሸክመዋል፣ ነጥብ ጠብቀዋል። እኔ ደግሞ እየዞርኩ እፈልጋቸዋለሁ። ጂፒኤሱን ትታልኝ የሄደችው ት/ቤታችን ሁለት ዓመት እንግሊዝኛ ያስተማረች ፈረንጅ ናት። በየአገሩ ሰዎች ዕቃ ይደብቁና ቦታውን በቁጥር ኢንተርኔት ላይ ያወጣሉ፤ ሌላው ፈልጎ ሲያገኝ "አገኘሁ" ብሎ ይጽፋል። የአዋቂዎች ድብብቆሽ በይው። ከእነሱ መሐል የድሮ የመለኪያ ነጥብ ብቻ የሚያሳድዱ አሉ፤ እኔ ከእነዚያ ነኝ። ወሎ ውስጥ ብቸኛዋ ሳልሆን አልቀርም። ሠላሳ ስድስት ዓመቷ ነው፣ ባሏን ከፈታች ወዲህ ነው እንዲህ የሆነችው ይላሉ ጎረቤቶች። ይበሉ።

አባባ በር ላይ ጠበቁኝ። ነሐሱ መነቀሉን ስነግራቸው ፊታቸው ጠቆረ። ምስክሮቹስ አሉ ወይ ብለው ጠየቁኝ። ምስክር የሚሏቸው በዋናው ዙሪያ አለት ላይ የተተከሉ ሁለት ትንንሽ ነሐሶችን ነው፤ ቀስት አላቸው፣ ቀስታቸው ወደ ዋናው ያመለክታል። ሁለቱም አሉ፣ ሁለቱም ወደ ባዶው ጉድጓድ ያመለክታሉ አልኳቸው። እሱ በቂ ነው አሉና ወደ ሶላታቸው ሄዱ።

ጥቅምት 13፣ ሐሙስ

አባባ ዛሬም ለአፉ ወጡ። እህቴ ሰሚራ ከጅዳ ሆና የሐጃቸውን ነገር ጨርሳለች፤ ኅዳር 10 ከደሴ ይነሣሉ። ሐጅ የሚሄድ ሰው ሳይነሣ በፊት የሚያውቀውን ሁሉ እየዞረ አፉ በሉኝ ይላል። በድዬ፣ አምቼ፣ አስቀይሜ እንደሆነ ይቅር በሉኝ ማለት ነው። የሰው ሐቅ ተሸክሞ ሐጅ የለም ይላሉ።

ሁልጊዜ ግን አያምርም። ጎረቤታችን እትዬ ዘነቡን በደርግ ጊዜ ዶሮሽን በድንጋይ የመታሁት እኔ ነበርኩ፣ አፉ በይኝ አሏት። ሴትዮዋ ዶሮዋን ረስታት ኖራ ዛሬ እንደ አዲስ ተናደደች! ያቺ ገብስማዋን? እያለች አጥር ላይ ቆማ ጮኸች። ከሰዓት በኋላ ግን አፉ ብያለሁ ብላ ሽሮ ላከች። ስስቅ ዋልኩ።

የአባባን ካርታ ከቆርቆሮ ማስቀመጫው አውጥቼ ዘረጋሁት። ሥራው ሲያልቅ ኢንጂነሮቹ ለማስታወሻ የሰጧቸው ነው። አምስት ሦስት ማዕዘኖች አሉበት፤ አባባ የሠሩባቸው ነጥቦች። ጦሳና ቦሩ ሜዳ አምና ተገኙ። ኮ/ቻ አሁን። ኩታበር እሑድ። አምስተኛው ከቢስቲማ ወዲያ፣ ወይራ አምባ። በቀይ ቀለም ኤክስ ተደርጎበታል። ለምን? ስለ ሌሎቹ አንድ ስጠይቃቸው አሥር የሚያወሩት ሰውዬ ስለዚህኛው ምንም የለበትም፣ ጅብ ብቻ ነው ያለው አሉ። አትሂጂ አሉ። አትሂጂ ብለውኝ አያውቁም። ከባሌ ስወጣ እንኳ አትውጪ አላሉኝም።

ጥቅምት 16፣ እሑድ

ኩታበር። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ሚኒባስ፤ አጠገቤ አንድ ቄስ፣ እግራችን ሥር ሁለት ዶሮ።

አናቱ ላይ ልደርስ ስል የቀበሌ ሚሊሻ አስቆመኝ። ጂፒኤሱን ገለባብጦ አየ። ደብዳቤ አለሽ? የለኝም። ማኅተም? በሰንበት ማን ያትምልኛል። ለማን ነው የምትለኪው? ለራሴ። ለራሷ ኮረብታ የምትለካ ሴት አይቶ አያውቅም፤ እኔም አላየሁ። ያምናውን የሚሊኒየም ካኔቴራ መልበሴ ይሁን ወይ ማላቤ፣ በመጨረሻ ራርቶ አብሮኝ ወጣ። ነሐሱንም ያገኘው እሱ ነው። ሣሩን በሰደፍ ገለጥ ሲያደርግ ብልጭ አለ። ሙሉ፣ ንጹሕ። ከእኔ ይበልጥ እሱ ፈነደቀ፤ ስሜን ጻፊኝ አለ፣ ጻፍኩት።

ስንወርድ አንድ ነገር ነገረኝ። ቀበሌያቸው ውስጥ ከካርታ ሰዎች ጋር የሠራ አንድ ሽማግሌ አለ። አቶ አያሌው ይባላል፣ ንብ ያነባል። ነጥብ አስነቅለሃል ተብሎ ተባርሮ ነው የመጣው፤ እስካሁን ስለ ካርታ ሲነሣበት ይቆጣል።

እራት ላይ ለአባባ አወራሁላቸው። የሚሊሻው ነገር ያስቃቸዋል ብዬ። የአያሌውን ስም ስጠራ ጉርሻቸውን መልሰው አስቀመጡ። በሕይወት አለ? አሉ። አለ አልኩ። እጃቸውን ታጠቡ፣ ሳይጠግቡ።

ደብተሬ፣ የአፉውን ዝርዝር አየሁት። አባባ በወረቀት ጽፈው እየሰረዙ ነው የሚዞሩት። ሥጋ ሻጩ አለ፣ የሞተው አጎቴ ልጆች አሉ፣ የእትዬ ዘነቡ ዶሮ ሳትቀር አለች። አያሌው የሚል የለም።

ጥቅምት 23፣ እሑድ፣ ቢስቲማ፣ ሻይ ቤት፣ መኪና እየጠበቅሁ

አልነገርኳቸውም። ሐይቅ ጓደኛዬ ጋ ነኝ ብዬ ወጣሁ። የሐይቅ መንገድ ነውና ግማሹ እውነት ነው።

ወይራ አምባ ላይ ጅብ የለም። ወይራ አለ፣ ነፋስ አለ፣ ወደ አፋር የሚዘረጋው ቆላ በጭጋግ ውስጥ አለ። መጀመሪያ ያገኘሁት አንደኛውን ምስክር ነው፤ አለት ላይ፣ አረንጓዴ ዝገት ለብሶ። ቀጥሎ ሁለተኛውን። ቀስቶቻቸውን ተከትዬ ሄድኩ፤ ሁለቱ የሚገናኙበት ላይ ሲሚንቶ የለም። መቃብር ነው። ትንሽ፣ የሕፃን፣ ዙሪያው በነጭ ድንጋይ የታጠረ። ደነገጥኩ።

ዋናው ነጥብ የት ገባ? ስዞር ከወይራው ሥር አገኘሁት። ሲሚንቶው ሙሉ ነው፣ ነሐሱም። ከመቃብሩ ቆጠርኩ። አርባ ሦስት እርምጃ። ሲሚንቶ በእግሩ አይሄድም።

እንጨት የምትለቅም አሮጊት መጣች። እማማ ሐሊማ። ሰላምታውን ከነቤተሰቡ፣ ከነከብቱ ጨርሰን ነው ወደ ጉዳዩ የገባነው። መቃብሩ የበኩር ልጇ ነው። በተቀበረች በሳምንቷ የካርታ ሰዎች መጥተው እግርጌዋ ላይ ብረትና ሲሚንቶ ተከሉ፤ ገና ድንጋይ አልቆመበትም ነበርና መቃብር መሆኑን አላወቁም። እማማ ሐሊማ ያኔ ሃያ ዓመት አልሞላትም። በየቀኑ እየወጣች ልጄን ቸነከሯት እያለች ታለቅስ ነበር። ነጥቡን የሚጠብቅ አንድ ወጣት ነበር፣ ከንፈሩ ላይ ጠባሳ ያለው። ኢንጂነሮቹ በወረዱ ጊዜ ድጅኖ ይዞ፣ ከባሏ ጋር ሆኖ ነቅሎ ወደ ወይራው ወሰደላት።

"ወላሂ ልጄ፣ ስሙን እንኳ ሳልጠይቀው ቀረሁ። ያ የካርታው ልጅ እያልሁ ነው እስከ ዛሬ ዱዓ የማደርግለት። አላህ ያውቀዋል አይደል፣ ስም ምን ያደርግለታል።"

የአባባ ከንፈር ላይ ጠባሳ አለ። አልነገርኳትም። መኪናው መጣ።

ጥቅምት 25፣ ማክሰኞ

ሁለት ቀን ሆነ፣ መሄዴን አልነገርኳቸውም። ሻይ አቀርባለሁ፣ ይጠጣሉ። ዛሬ ክፍል ውስጥ ስለ ካርታ መስፈሪያ ሳስተምር ነጥብ ከቦታው ቢነሣ ምን ይሆናል ብዬ ራሴ ጠየቅሁ፣ ራሴ መለስኩ። ተማሪዎቹ ተያዩ።

የሚያናድደኝ መንቀላቸው አይደለም። ለዚያማ እጃቸውን ብስመው ደስ ይለኛል። የአንዲት እናት ለቅሶ አላስችል ያለው ልጅ የእኔ አባት ነው። የሚያናድደኝ አያሌው ነው። ነቃዩ አባባ ናቸው፣ የተባረረው አያሌው። በመሐል ምን ተባለ? ማን ነው ያለው?

ከካርታው ሥራ በኋላ አባባ በዚያው ልምዳቸው መንገድ ሥራ ገቡ። ጡረታቸውም፣ የእኔ ት/ቤትም፣ ይቺ ቤትም ከዚያ ነው የመጣው። ያደግሁት የሰው ሐቅ በልቼ ይሆን?

ጥቅምት 28፣ ዓርብ

ተናገሩ።

ከጁምዓ ተመልሰው ጋቢያቸውን ሳያወልቁ ተቀመጡ። ወይራ አምባ ሄደሻል አይደል አሉ። ሄጃለሁ አልኩ። ምስክሮቹ አሉ? አሉ። ያመለክታሉ? ያመለክታሉ። አንገታቸውን ደፉ። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ እኛ ቤት ብቅል የለም፣ ጂፒኤስ አወጣው።

ታሪኩ እማማ ሐሊማ እንዳለችው ነው። የማታውቀው የቀረውን ነው። አባባ ሲሚንቶው የሚያመለክተው ኮረብታውን መስሏቸው ነበር። "ኮረብታው ያው ኮረብታ ነው፤ አርባ እርምጃ ወዲህ ቢሆን፣ ወዲያ ቢሆን ወይራ አምባ ወይራ አምባ ነው ብዬ ነው እኮ ልጄ።" ስንዝር ሳይቀር እንደሚቆጠር ማንም አልነገራቸውም። የተሸከሙትን ሲሚንቶ ክብደት እንጂ የቁጥሩን ነገር አያውቁም። ከወራት በኋላ ሲለካ አልገጥም አለ። ኢንጂነሩ ምስክሮቹን አየ፣ ተነቅሏል አለ። ነጥቡም ተጣለ፣ ቀዩ ኤክስ ያኔ ተደረገ።

ማን ነበር ተረኛው? አባባና አያሌው በሳምንት ይፈራረቁ ነበር። የተነቀለው በአያሌው ሳምንት ነው፤ አያሌው የማርያምን ንግሥ ልሂድ ብሎ አባባን ተክቶ ወርዶ ነበር። ያን መተካካት ከሁለቱ በቀር የሚያውቅ የለም። በሠራተኛው ሁሉ ፊት ጠየቋቸው። አያሌው አባባን አየ። አባባ ያየሁት የለም አሉ። አራት ቃል እንኳ አይሞላም። አያሌው ሰው ተክቼ ወርጄ ነበር ቢል ሥራ ጥሎ መሄዱን ማመኑ ነው፤ እሱም ዝም አለ። እዚያው ሰው ፊት ነጥብ አስነቀለ ተብሎ ተባረረ። አዲስ አበባ ሄዶ ልኬት ሊማር ስሙ የተላለፈው እሱ ነበር። በምትኩ አባባ በሥራው ከፍ ተደረጉ።

እያለቀሱ ነበር። አባቴ ሲያለቅሱ አይቼ አላውቅም። አብሽር ልላቸው ፈልጌ አልወጣልኝ አለ። እንዲያውም ጮህኩባቸው፤ ዶሮ ሲቆጥሩ ሰው ረሱ አልኳቸው። ከዚያ ወጥቼ ጓሮ ቆምኩ። ስመለስ ዝርዝራቸውን አውጥተው እየጻፉ ነበር። ታች ሳይሆን ከሁሉ በላይ፣ አርዕስቱ ላይ፣ አያሌው።

ጥቅምት 30፣ እሑድ

ሁለታችንም ኩታበር ሄድን። ሚሊሻው ደጅ ድረስ አደረሰን፤ ስሙ ደብተሬ ላይ በመስፈሩ ወዳጅ ሆነናል።

አቶ አያሌው ቀጭን፣ ቀጥ ያሉ፣ ዓይናቸው ኃይለኛ። ቀፎ ሲጠግኑ ነው የደረስነው። ጠባሳውን እንዳዩ አወቁ። ይመር? አሉ አባባን። አባባ ተንበርክከው ጉልበታቸውን ሊይዙ ሲሉ አቶ አያሌው ወደ ኋላ ሸሹ። አባባ ሁሉንም ነገሯቸው፤ አንዱንም ሳይቀንሱ፣ ያየሁት የለም ያሉትንም። አፉ በለኝ አሉ። አቶ አያሌው ክርስቲያን ናቸው፣ ወሎ ነውና ግን ቃሉን ያውቁታል።

አላሉም። መጀመሪያ መቃብሩን አሳየኝ፤ አርባ ዓመት የተሰደብሁበትን ነገር በዓይኔ አላየሁትም አሉ።

ኅዳር 7፣ እሑድ፣ ቢስቲማ

ሦስታችን ወጣን። አባባ ዳገቱ ላይ ሁለት ጊዜ ተቀመጡ። በሁለተኛው ጊዜ አቶ አያሌው ዱላቸውን ዘረጉላቸው። ወይራው ጋ ስንደርስ ከመቃብሩ እስከ ሲሚንቶው አቶ አያሌው ራሳቸው ረገጡት፤ ድምፅ አውጥተው እየቆጠሩ። አርባ አንድ ሆነ። እርምጃቸው ከእኔ ይረዝማል።

እማማ ሐሊማ መጣች። አባባን አየች፣ ከንፈራቸውን አየች፣ እልል አለች። እጃቸውን ልትስም ስትል አባባ ወደ ኋላ አሉ። ነቃዩ እኔ ነኝ፣ ዋጋውን የከፈለው ግን እሱ ነው፣ ዱዓሽን ለሁለት ክፈይው አሉ። ከፈልሁት አለች፣ እንደ ቀላል ነገር። ስማቸውን ጠየቀች። ይመር፣ አያሌው። ደግማ ደግማ አለችው፣ እንዳይጠፋባት።

አቶ አያሌው መቃብሩ አጠገብ ቁጭ አሉ። ከዚያ አባባን ቀና ብለው አዩና "ብትነግረኝ አብሬህ እሸከም ነበር እኮ" አሉ። ይህን ብቻ። አባባ ፊታቸውን በጋቢ ሸፈኑ።

ስንወርድ አባባ እንደገና አፉ በለኝ አሉ። መልሱን ቃል በቃል እጽፈዋለሁ፦ "ሰው ፊት ነው የተባረርሁ። ሰው ፊት በለኝ።"

ማክሰኞ ቤታችን የሽኝት ዱዓ አለ። ሰፈሩ ሁሉ ይመጣል፣ የድሮ የሥራ ባልደረቦችም። አባባ ማክሰኞ ና አሏቸው።

ኅዳር 8፣ ሰኞ

ኢንተርኔት ቤት። ገጹ ለመከፈት ሃያ ደቂቃ። ኮ/ቻ፦ ተገኝቷል፣ ተጎድቷል። ኩታበር፦ ተገኝቷል። ወይራ አምባ፦ አልተገኘም ብዬ ጻፍኩ። ውሸት አይደለም፣ ነጥቡ ቦታው ላይ የለም። እኔ እያለሁ ማንም በጂፒኤስ እየተመራ የዚያችን ሕፃን መቃብር አይረግጥም።

ኅዳር 9፣ ማክሰኞ፣ ከቀኑ 9 ሰዓት

ወንበር ላመጣ ነው የገባሁት። ሁለት ደቂቃ ብቻ።

ግቢው ሞልቷል። እትዬ ዘነቡ ሳትቀር በነጭ ነጠላ። አባባ ከጠዋት ጀምሮ አልበሉም። ሸሚዛቸውን ሁለቴ አስተኮሱኝ። ስለዚህ ነገር ሰፈሩ ነገ ምን እንደሚል አውቃለሁ፤ የዘይነባ አባት ይሏቸዋል፣ የሌላ ሰው ስም አጥፍቶ ያሳደጋት። ይበሉ። ዛሬ ጠዋት ይህን ስነግራቸው አባባ አንቺ አፉ በይኝ አሉኝ። እኔ በዝርዝሩ ላይ አልነበርኩም። አፉ አልኩ። ወጣልኝ።

አቶ አያሌው አሁን ደረሱ። በቅል ማር ይዘዋል፣ ኋላ በር አጠገብ ተቀመጡ። ይምጡ ወደፊት ቢሏቸው እምቢ አሉ። ሾልከው እንዳይሄዱ ፈራሁ።

ሼኹ ዱዓውን ጨረሱ። አሚን ይባላል። አሁን ሐጃጁ አፉ በሉኝ የሚልበት ሰዓት ነው። ሁልጊዜ እንደሚባለው በጅምላ ይሉት ይሆን፣ የበደልኳችሁ ሁሉ ብለው? እንዲያ ካሉ ሽማግሌው ማሩን ይዘው ይወጣሉ።

በመስኮት አያለሁ። አባባ ቆሙ። ፊታቸውን ወደ ሰዉ አላዞሩም። ወደ በሩ ነው የዞሩት። አያሌው ብለው ተጣሩ፣ በሙሉ ድምፅ፣ ግቢው ሁሉ ዘወር አለ፣ አቶ አያሌውም ተነሡ። ነጥቡን የነቀልሁት እኔ ነኝ እያሉ ነው አባባ፤ ልወጣ።